የፎቶሾፕ ጀነሬቲቭ ፊል፦ ከምስሉ ይልቅ ማስኩን ወደድኩት

ገና ከመጀመሪያው ልናገር፦ ጀነሬቲቭ ፊል (ፎቶ ላይ የመረጣችሁትን ቦታ በኤአይ የሚሞላው የፎቶሾፕ መሣሪያ) ከኤአይ ምስል መሥሪያዎች ሁሉ ቆንጆውን ምስል አያወጣም። ለውበት ብቻ ከሆነ ከጽሑፍ ምስል የሚሠራው ሚድጆርኒ ይበልጠዋል፣ ያውም በሰፊው። ሥራ ሲኖረኝ ግን የምከፍተው ይሄኛውን ነው።

የፎቶሾፕ ሠሪ አዶቢ እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 ለሙከራ ሲለቀው አዲስ ፕሮግራም አላደረገውም። እዚያው ፎቶሾፕ ውስጥ፣ እጃችን በለመደው ቦታ ከተተው። የምትፈልጉትን ቦታ ሴሌክት ታደርጋላችሁ፣ ምን እንዲገባበት እንደፈለጋችሁ ትጽፋላችሁ፣ ሦስት አማራጭ ያመጣላችኋል፣ ውጤቱም ከፎቶው በላይ በራሱ ሌየር (የተለየ ንብርብር) ላይ ከነማስኩ፣ ማለትም የቱ ክፍል እንዲታይ የቱ እንዲደበቅ ከሚወስነው ሽፋን ጋር ይቀመጣል። ዋናው ፎቶ አይነካም። ካልጣማችሁ ሌየሩን ማጥፋት ነው፤ ግማሹን ብቻ ከወደዳችሁት ደግሞ ብሩሽ አንስታችሁ የቀረውን በማስኩ ላይ ትሸፍኑታላችሁ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ማስክ ነው። ኤአይው ሲሳሳት (ይሳሳታል!) ስህተቱን በራሳችሁ እጅ የምታርሙበት መንገድ ተትቶላችኋል።

አንዲት ጠቃሚ ነገር፦ ከፎቶው ላይ ዕቃ ለማጥፋት ከሆነ “አጥፋልኝ” ብላችሁ አትጻፉ። ሳጥኑን ባዶውን ተዉት፣ የተሻለ ይሠራል።

ሚድጆርኒ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 ለሕዝብ ሲከፈት የሚሠራው ዲስኮርድ በሚባለው የቻት መድረክ ነበር። ቻት ላይ ትጽፋላችሁ፣ የማታውቁት ሰው ምስል ከላይም ከታችም ይጎርፋል። አልዋሽም፣ ይሄ ብዙ ሰው አስተምሯል፤ ሌላው የጻፈውን እያዩ መልመድ ቀላል ነው። ግን ደንበኛ “ሁሉም አሪፍ ነው፣ ወንበሩን ብቻ ቀይርልኝ” ሲልስ? ወንበሩን ልቀይር ስትሉ ክፍሉም መብራቱም አብሮ ይቀየር ነበር። የምስሉን አንድ ክፍል ብቻ መርጦ መቀየር የተቻለው በኦገስት 2023 ነው፣ ከዓመት በኋላ። በክፍት የተለቀቀው ሌላው ምስል ሠሪ ስቴብል ዲፍዩዥን ላይም ያው ነው የታየው። በ2023 መጀመሪያ ለእሱ የመጣው ተጨማሪ መሣሪያ ኮንትሮልኔት ያን ያህል የተወደደው ምስሉን ስላሳመረ አይደለም፤ የራስን ንድፍ ወይም የሰውነት አቋም ሰጥቶ “ይሄን ተከተል” ማለት ስላስቻለ ነው። በምስል ለሚተዳደር ሰው መሣሪያ የሚሠራ ሁሉ ይሄን ቢያይ ደስ ይለኛል። ብዙዎቹ ግን አሁንም የሚያስተዋውቁት የሚያስደነግጥ ምስል እያሳዩ ነው።

ወደ ጀነሬቲቭ ፊል ጉድለት ልግባ። ሲጀመር ውጤቱ ከ1024 በ1024 ፒክስል አይበልጥም ነበር። ትልቅ ፎቶ ላይ ሰፊ ቦታ ስትመርጡ የተሞላው ክፍል ደብዘዝ ይላል፣ በሌላ ጨርቅ የተጣፈ ልብስ ይመስላል። መፍትሔው ቦታውን በትንንሹ እየቆረጡ መሙላት ነው። ኋላ የመጡት ሞዴሎች አሻሽለውታል፣ ቢሆንም ለሕትመት የሚሄድ ነገር ከሆነ 100 በመቶ አጉልታችሁ ሳታዩ አትላኩ። ኢንተርኔት ከሌለም አይሠራም፣ ምክንያቱም ምስሉ የሚፈጠረው በአዶቢ ሰርቨር ላይ ነው። ማጣሪያውም ቶሎ ይደነግጣል፤ የዋና ልብስ የለበሰ ሰው ፎቶ ላይ ከሰውየው ኋላ ያለውን ትዕይንት ብቻ ለመቀየር ሲሞክሩ እንደተከለከሉ የሚያማርሩ ብዙ ናቸው። ከሁሉ የማይዋጥልኝ ግን ክሬዲቱ ነው፣ ምስል ባስወጣችሁ ቁጥር የሚቀነሰው ኮታ። የተበላሸውም ይቆጠራል። በባሕርዩ አሥር አስወጥቶ ዘጠኙን የሚያስጥል መሣሪያ ላይ ይሄ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

እምነት የሚባል ነገርም አለ። አዶቢ ፋየርፍላይን (ጀነሬቲቭ ፊል የሚሠራበትን የራሱን የኤአይ ሞዴል) ያሠለጠነው በአዶቢ ስቶክ ምስሎች፣ በክፍት ፈቃድ በተለቀቁና የባለቤትነት መብታቸው ባበቃ ሥራዎች መሆኑን ሲናገር ለንግድ የሚሠራ ዲዛይነር እፎይ አለ። ቀጥሎ በ2024 ብሉምበርግ ከሥልጠና ምስሎቹ 5 በመቶ ያህሉ ራሳቸው በኤአይ የተሠሩ እንደነበሩ ዘገበ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ደግሞ የአጠቃቀም ውሉ ተቀይሮ “ተስማማ” የሚል መልእክት ሲመጣ ብዙ ሰው ሥራዬን ሊወስዱብኝ ነው ብሎ ተነሳ። ኩባንያው በደንበኞች ሥራ ፋየርፍላይን አናሠለጥንም ብሎ አስረዳ፣ ውሉንም አስተካከለ። ግን ማብራሪያው ከቁጣው በኋላ ነው የመጣው። በኦገስት የአይፓድ ሥዕል መሣያው ፕሮክሪዬት “ጀነሬቲቭ ኤአይ አናስገባም” ሲል ሠዓሊዎች ያጨበጨቡለት ያለ ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ፎቶሾፕ አስቀድማችሁ የምትከፍሉበት ከሆነ ተጠቀሙበት፤ ጠባብ ፎቶ ለማስፋት፣ ከኋላ የገባ ዕቃ ለማጥፋት እስካሁን ከሞከርኳቸው ይሻለኛል። ሐሳብ ለማፍለቅ ብቻ ከሆነ ሚድጆርኒ ይበቃችኋል። የራሳችሁን ንድፍ ይዛችሁ መሥራት የምትፈልጉ፣ ጠንካራ ኮምፒውተርና ትዕግሥት ካላችሁ፣ ኮንትሮልኔትን ሞክሩ። ለዚች አንድ በተን ብላችሁ ግን ለፎቶሾፕ በየወሩ አትክፈሉ።