የኬንያ ሐምራዊ ሻይ፦ ቅጠሉ፣ ቀለሙና ጣዕሙ

ከናይሮቢ የመጣልኝን አንድ ፓኬት ሐምራዊ ሻይ ለሦስት ሳምንታት በየማለዳው ጠጥቻለሁ። ቲአርኤፍኬ 306 የተባለው ይህ ዝርያ በኬንያ የሻይ ምርምር ተቋም ለረጅም ዓመታት ሲሻሻል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ለአምራቾች የተለቀቀ ሲሆን፣ ለጋ ቅጠሉን ሐምራዊ የሚያደርገው አንቶሲያኒን የተሰኘው ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገር ነው።

ቅጠሉ እንደ ጥቁር ሻይ ተፈጭቶ አየር እንዲያገኘው ቢተው ኖሮ፣ በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ካቴኪን የተባሉትን የሻይ ንጥረ ነገሮች ቴአፍላቪንና ቴአሩቢጂን ወደተባሉ ቀለም ሰጪዎች ለውጠው ውሃውን ቀይ ያደርጉት ነበር፤ እኔ የገዛሁት ግን ያልተብላላ በመሆኑ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ይወጣዋል፣ ሎሚ ጠብ ሲደረግበትም አንቶሲያኒኑ ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ ወዲያው ወደ ሮዝ ይለወጣል። ልጆቼ ይህንን ለማየት ከቁርሳቸው ይነሣሉ።

ጣዕሙ ለስላሳ ነው ማለት አልችልም። በሚንተከተክ ውሃ ከተዘፈዘፈ አፍ ያጨማድዳል፤ ፍላቱ በረድ ባለ ውሃ ለሦስት ደቂቃ ብቻ ሲቆይ ግን ምሬቱ ይቀንሳል። ከወተት ጋር አይስማማም።

ሻጩ ቅጠሉ የተለቀመበትን ወር በፓኬቱ ላይ አለመጻፉ ቅር አሰኝቶኛል፤ አንቶሲያኒን በሙቀትና በብርሃን እየደከመ ስለሚሄድ ገዢው ይህን የማወቅ መብት አለው። ያም ሆኖ ሁለተኛ ፓኬት አዝዣለሁ።