እናቴን ለፓራታይሮይድ ያሳከምንበት የሆርሞን ክሊኒክ፣ ከ5 ኮከብ 4

በደም ምርመራ ካልሲየማችሁ ከፍ ብሏል ለተባላችሁ ነው የምጽፈው። እናቴ የኩላሊት ጠጠር እየተመላለሰባት፣ አጥንቷን እያመማት፣ ድካሙ ድብርቱ የውሃ ጥሙ ሆድ ድርቀቱ ሲፈራረቅባት ለእያንዳንዱ ለየብቻ መድሃኒት ይታዘዝላት ነበር እንጂ አንድ ላይ ያየው ሰው አልነበረም። የዚህ ክሊኒክ ዶክተር ግን የድሮ የላብ ወረቀቶቿን ደርድራ ካልሲየሙ ከድሮም ከፍ ያለ እንደነበር አሳየችን።

በጣም የወደድኩት ቅደም ተከተሉን ነው። ቀጥታ ወደ ስካን አልላከችንም፣ መጀመሪያ ካልሲየምና ፒቲኤች (ፓራታይሮይድ የሚባሉት የአንገት እጢዎች የሚያመነጩት፣ ካልሲየም ከፍ የሚያደርገው ሆርሞን) አንዴ ከተቀዳ ደም፣ ከዛ ቫይታሚን ዲ፣ ኩላሊት፣ የ24 ሰዓት ሽንት፣ የአጥንት ጥንካሬ (ክንዷንም ጨምሮ)። የእናቴ ፒቲኤች ኖርማል የሚባለው ውስጥ ነው፣ ሌላ ቦታ ደህና ናት ተብለን የተመለስነውም በዚሁ ነው። ዶክተሯ ግን «እናቴ፣ ካልሲየም ሲበዛ ይሄ ሆርሞን መውረድ ነበረበት፣ የእርስዎ አልወረደም፣ ችግሩ እሱ ነው» አለቻት። ሽንቱ ደግሞ ካልሲየም ከፍ የሚያደርግ ግን ብዙ ጊዜ ኦፕራሲዮን የማያስፈልገው የዘር ነገር ስላለ እሱን ለመለየት ነው።

ከዛ ስካኑ ምንም አላሳየም። ደነገጥን። ስካን ከፓራታይሮይድ እጢዎቹ የቷ እንዳበጠች ለቀዶ ሐኪሙ መንገድ ለማሳየት እንጂ በሽታው አለ የለም ለማለት እንዳልሆነ በትዕግስት አስረዳችን፣ 4ቱም እጢዎች አንገት ውስጥ ከታይሮይድ ጀርባ ያሉ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ናቸው፣ ሊደበቁ ይችላሉ። ኪኒን አይበቃም ወይ ብለን ጠየቅን፣ ሲናካልሴት የሚባለው ኪኒን ካልሲየሙን ያወርዳል አጥንቱን ግን አያጠነክርም አለች፣ የእናቴ አጥንት ደግሞ ቀድሞ ሳስቷል።

የላከችን ይሄን ኦፕራሲዮን አዘውትሮ ከሚሰራ ሐኪም ጋ ነው፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው በእውነት። ያበጠችው አንዷ ብቻ ነበረች፣ ከወጣች በ10 ደቂቃ ውስጥ ፒቲኤቹ ከግማሽ በላይ ወረደ። ከንፈሯ ዙሪያ ሲነዝራት አልፈራንም፣ ካልሲየም ሲወርድ እንደሚያጋጥምና ምን ያህል ካልሲየም ኪኒን መውሰድ እንዳለባት ቀድመው ነግረውናል። በ6 ወሩ ካልሲየሟ ኖርማል ሆኖ ስለቆየ ድናለች ተባልን።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት በሽንቱ ነው። የጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት ተደፍቶ ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ እንደሚጠራቀም ጀሪካኑን የሰጠን ልጅ አልነገረንም፣ እናቴ እንደገና ቀኑን ሙሉ ስታጠራቅም ዋለች፣ እባካችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ።