ጀጎል በእግር፦ 38 ተማሪ፣ 2 አስጎብኚ

ድሬዳዋ ታሪክ አስተምራለሁ። ባለፈው ቅዳሜ 38 የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ይዤ ሐረር ወጣሁ። ደንገጎ ጠመዝማዛው ላይ ሁለቱ አስመለሱ፤ ፌስታል ሳትይዙ እንዳትነሱ። ጀጎልን፣ በግንብ የታጠረውን አሮጌውን የሐረር ከተማ፣ በእግር የሚያስጎበኙ 2 ሰዎች ቀጥረን ነበር። ለሁለቱ ግማሽ ቀን 3,000 ብር ከፈልን። ሂሳቡ በሰው ሳይሆን በቡድን ስለሆነ ለትምህርት ቤት አይከብድም። ግን አንዱ ቡድን በልቶ ሌላው ጦሙን እንዳደረ ቁጠሩት።

በጥሩው ልጀምር። የኔን 19 ልጆች የያዘው አስጎብኚ የሐረር ልጅ ነው። ገና ሐረር በር ላይ ቆመን «ይሄ ከጥንቶቹ አምስት በሮች አይደለም፤ በኋላ ለመኪና የተከፈተ ነው» አለ። ወደድኩት። አሳምሮ መዋሸት ይችል ነበር። ከዚያ ግንቡን ተከትለን ሄድንና ከስር ያለች ቀዳዳ ጋ አስጎነበሳቸው። ዋራባ ኑዱል ትባላለች፣ ጅብ ማታ የሚገባባት። አንዱ ልጅ ጭንቅላቱን ሊያስገባ ሲሞክር ጎትቼ አወጣሁት። «ቲቸር፣ አሚር ኑር ለሰው ግንብ ሠርተው ለጅብ በር ሰጡ?» አለኝ። አሚር ኑር ግንቡን ያሠሩት የሐረር ገዥ ናቸው። የ16ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን ግንብ እኔ በሦስት ክፍለ ጊዜ ያላስያዝኳቸውን እዚያች ቀዳዳ ጋ ያዙት።

ራምቦ ቤትም እንደዚያው። ልጆቹ ስሙን ሲሰሙ መትረየስ የተሸከመ ጡንቸኛ ነበር የጠበቁት። ፈረንሳዊ ገጣሚ፣ እ.ኤ.አ. በ1880 መጥቶ ቡና የነገደ፣ በኋላ መሣሪያም የሸጠ ሰው መሆኑን ሲሰሙ ትንሽ ቅር አላቸው። አስጎብኚው ደግሞ ሕንጻው ራሱ ከራምቦ በኋላ የተሠራ መሆኑን አልደበቀም። የሸሪፍ ሙዚየም ጥሩ ነው፤ የእጅ ጽሑፎቹና እዚያው ሐረር የተመቱት መሐለቆች (የድሮ ሳንቲሞች) ብቻ ግማሽ ቀን ይፈልጋሉ። እኛ 25 ደቂቃ ነበረን።

የቀኑ ምርጥ ግን የሐረሪ ቤቱ ነው። አንዲት እናት በራቸውን ከፍተው አስገቡን። ጫማ አውልቀን ገባን (የካልሲውን ሽታ አላወራም)። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌት ነው። መቀመጫዎቹ፣ ነደባ የሚሏቸው፣ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች ናቸው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። አስጎብኚው ልጆቹን በማዕረግ ደለደላቸው። የክፍሉን አለቃ የቤቱ ጌታ ቦታ ላይ ሲያወጣው ሌሎቹ አበዱ። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት መሆኑን ሲነግራቸው አንዱ ቀና ብሎ አየና «እማማ፣ አሁንም አለች?» አላቸው። «መጀመሪያ ማትሪክ እለፍ!» አሉት።

ወለሉ ቀይ ነው። «በ1879 ዓ.ም. ሐረሪዎች ከምኒልክ ጦር ጋር ሲዋጉ ጨለንቆ ላይ የፈሰሰው ደም ማስታወሻ ነው፣ ይባላል» አለ አስጎብኚው። «ይባላል» የምትለዋን ጠበቅ አድርጎ ነው ያላት። ለታሪክ አስተማሪ ከዚህ በላይ ምን ይሰጡታል?

የሌላኛው ቡድን ነገር ያናድዳል። የነሱ አስጎብኚ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁለት ቦታ ሲያሳይ 40 ደቂቃውን አንድ የጌጣጌጥ ሱቅ ውስጥ አሳለፈ። ልጆቹ ኪሳቸው ውስጥ የሳምቡሳ ብር ነው ያለው፣ ምን ይግዙ? የሐረሪ ቤት አልገቡም። ስለዚህ ስትቀጥሩ የምታዩትን ቦታ ዝርዝር አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ ከተቻለ በጽሑፍ። ሌላው ችግር ሽንት ቤት ነው። ጠባቡ መንገድ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ 38 ልጅ የትም አይስተናገድም፤ ከመግባታችሁ በፊት ጨርሱ። ሰው ጅብ ሲያበላ ለማየትም ማምሸት የግድ ነው። እኛ 10 ሰዓት ላይ አውቶቡስ ስንገባ የነበረውን «አቦ ቲቸር!» ድሬ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ማኪና ግርግርን ሳልጠቅስ አላልፍም። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ሲሰፉ ከሚሰማው የስፌት መኪና ድምፅ ነው መንገዱ ስሙን ያገኘው። አስጎብኚው ይሄን እየጮኸ ሲያስረዳ (ያለ ጩኸት አይሰማም) የአንዱ ልጅ ቦርሳ ማንገቻ ተበጠሰ። ሰፊው ምንም ሳይል ቦርሳውን ከእጁ ተቀበለው፣ ደብተሮቹ ውስጡ እንዳሉ መርፌው ስር አስገባው። ማብራሪያው ሳያልቅ መለሰለት። 20 ብር። ጥቁር ክር ስላልነበረው በቀይ ነው የሰፋው፤ ልጁ ሰኞ ክፍል ውስጥ ለሁሉም ሲያሳይ ነበር።