«ወኪሉ ጋ ሂድ» ሲሏችሁ ከሱቁ አትውጡ

ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ ወይም ስልክ ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ፣ የእኔን ጉድ አንብቡና ሂዱ።

ባለፈው ወር መርካቶ ውስጥ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ገዛሁ። ሻጩ አስቀድሞ የጠየቀኝ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ብሎ ነው። በደረሰኝ 43,700 ብር፣ ያለ ደረሰኝ 38,000። የታክሱን 15 በመቶ አተረፍኩ ብዬ ያለ ደረሰኝ ወሰድኩ፤ ሞኝነቴ ከዚህ ይጀምራል። በደረሰኙ ፈንታ «የ1 ዓመት ዋስትና» የሚል ካርድ ሰጠኝ። ማኅተሙ ቀለሙ ፈስሶ አይነበብም፤ የሻጭ ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ከግርጌው በደቃቅ ፊደል «ስክሪንና ሪሞት አይጨምርም» ይላል። ስክሪኑን ካልጨመረ የቴሌቪዥን ዋስትና ምኑን ሊሸፍን ነው? እግሮቹን?

በዘጠነኛው ቀን ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ መስመር ወጣበት። ሻጩ በትሕትና «ወንድሜ፣ ዋስትናው የፋብሪካው ነው፤ ወኪሉ ጋ ሂድ» አለኝ። ወኪሉ ዘንድ የመለያ ቁጥሩን አይተው «በእኛ በኩል የገባ አይደለም፤ ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ ነው» አሉ። ተመለስኩ። «ባለቤቱ ዱባይ ነው፣ ሰኞ ና።» ሰኞ ስሄድ ወደ ሐሙስ ተሻገረ። ሐሙስ አሥራ ስድስተኛው ቀን ነበር። «ጊዜው አልፏል» አለኝ።

ምን ሲቆጥር እንደከረመ የገባኝ በኋላ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የሚጠየቀው ገንዘቡን የተቀበለው ሻጭ ነው፤ ከወኪሉ ጋር እኔ ምን ውል አለኝ? ከ15 ቀን የሚረዝም ዋስትና ከሰጠም፣ የገባውን ቃል አለመፈጸም በዚያው አዋጅ የተከለከለ ነው። እኔ በዘጠነኛው ቀን ጠይቄያለሁ፤ ግን በቃል ነው፣ ማን ይመስክርልኝ?

ስለዚህ ደረሰኝ ላይ ሞዴሉንና የመለያ ቁጥሩን አስጽፉ። ስልክ ከሆነ *#06# ደውላችሁ የሚወጣውን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አስተያዩ። ዕቃው ሲበላሽ በዚያው ቀን ለሻጩ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ሌላው ቢቀር በስልክ መልእክት ላኩለት፣ ቀኑ ይመዘገባል።

አቤቱታዬን ይዤ ወደ ክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። ሠራተኛዋ ታሪኩን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችኝና እጇን ዘርግታ «እስቲ ደረሰኙን» አለችኝ።