መኪና ላይ ጄኔሬተር ልታስገጥሙ ያሰባችሁ፣ ተለጣፊውን አትመኑ፤ ከመኝታ ስር ደግሞ በፍጹም አታስገጥሙ

ይህን የምጽፈው ቡና፣ ሳንድዊች ወይም ሌላ ነገር መኪና ላይ ለመሸጥ እየተዘጋጃችሁ ላላችሁ ሁሉ ነው። መብራት የማያገኝ ቦታ መቆማችን ስለማይቀር ጄኔሬተር ያስፈልገናል። እኔ በዚህ ጉዳይ ገንዘቤን አጥቻለሁ። ገንዘቡስ ይተካል፤ ታናሽ እህቴን ግን ላጣት ነበር።

መኪናችን አሮጌ አይሱዙ ናት። የኋላውን ሳጥን ለሁለት ከፍለን ግማሹን ቡና ማፍያ፣ ግማሹን መኝታ አደረግነው። በአዘቦት ቀን ስታዲየም አካባቢ እንቆማለን፤ በባዛር ሰሞን ደግሞ ዕቃ ለመጠበቅ እዚያው እናድራለን። የማኪያቶ ማሽናችን 2,700 ዋት ይላል፤ ፍሪጅ፣ የቡና መፍጫና መብራት ሲጨመር 5 ኪሎ ዋት ይበቃናል ብለን አሰብን።

መርካቶ ገባን። ሻጩ «5.5 ኪሎ ዋት፣ መቶ ፐርሰንት መዳብ» የሚል ተለጣፊ ያለበት የቤንዚን ጄኔሬተር አሳየን። «እህቴ፣ ደረሰኝ ካልፈለግሽ ቫቱን 15 ፐርሰንት ልተውልሽ» አለኝ። እሺ አልኩ። ከነማስገጠሚያው 140,000 ብር ተስማማን፤ ገጣሚውንም ራሱ ጠራልን። ዕቃውን ወደ መኪናው ያመጣው አንድ ልጅ ነው፤ ብቻውን፣ በትከሻው ተሸክሞ። ያኔ ቆም ብዬ ባስብ ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ይገባኝ ነበር።

ገጣሚው የመኝታውን ወለል ስር ቆርጦ በላሜራ ሳጥን ሠራና ጄኔሬተሩን እዚያ ውስጥ በየደው። ማርሚታው ወደ ታች፣ ወደ መኪናው ሆድ ነው የሚተነፍሰው። «ድምፁም አይሰማችሁ፣ ሌባም አያየው» አለን። እኛም ጥሩ ሐሳብ መሰለን።

ሥራ ስንጀምር ማሽኑ ሲሞቅ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ፍሪጁ ሊነሳ ሲል ሞተሩ ያጓራል። ቡና ስናፈላ ፍሪጁን እየነቀልን ሰነበትን። ከዚያ የገና ባዛር ደረሰ፤ ኤግዚቢሽን ማዕከል አካባቢ ቆምን። ሌሊት ወተቱ እንዳይበላሽ ፍሪጁን በጄኔሬተር አስነሥተን፣ ብርድ ስለነበር መስኮቱን ዘግተን፣ እህቴ ተኛች። እኔ ቤት አደርኩ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ደወለችልኝ፤ ቃላቷ ይጎተታል። ራሷን ሊፈነክታት እንደደረሰ፣ እንዳስመለሳት፣ እግሯ እንደማይታዘዛት ነገረችኝ። በሩን ክፈቺና ውጪ እያልኩ እየጮህኩ በታክሲ በረርኩ። ስደርስ አስፋልቱ ዳር ተቀምጣ ነበር። ሐኪሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው አለን፤ ኦክስጅን ተሰጥቷት ዳነች።

ከሰል ቤት ውስጥ አንድዶ ተኝቶ የቀረ ሰው ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። የጄኔሬተር ጭስ ከከሰሉም ይብሳል፤ ሞተሩ ሳያቋርጥ ያመርተዋል፣ የወለል ስንጥቅ ደግሞ በቂ መግቢያው ነው።

ከዚያ በኋላ የሰፈራችንን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጋሼን ለምነን አመጣናቸው። ማሽኑ በሥራ ላይ እያለ ቴስተራቸውን ስፒናው ላይ ሲያደርጉ 220 መሆን የነበረበት ቮልት 165 አሳየ። ከዚያ የሞተሩን አቧራ ጠርገው ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አሳዩኝ፤ 212 ሲሲ፣ ማለትም የሞተሩ ሲሊንደር መጠን። «ልጄ፣ ይሄ ሞተር 5 ኪሎ ዋት ከየት ያመጣል?» አሉኝ። እንደነገሩኝ፣ 5 ኪሎ ዋት በእውነት የሚሰጥ የቤንዚን ጄኔሬተር ሞተሩ 390 ሲሲ አካባቢ ነው፤ ክብደቱም 80 ኪሎና ከዚያ በላይ። ሁለት ሰው ተጋግዞ ነው የሚያነሳው። በ200 ሲሲ አካባቢ ያለው ሁለት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ቢሰጥ ነው። ተለጣፊ ማንም ያሳትማል፤ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ሲሲ ግን መቀየር ይከብዳል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር በባሕር ዳርቻ የተለካ ነው። ስለዚህ የእኛው ሁለት ኪሎ ዋት ተኩል እዚህ ሁለት እንኳ መሙላቱ ያጠራጥራል፤ እኛ ደግሞ ማሽኑ ብቻ 2.7 ይፈልጋል። ጉልበቱን በኪሎ ዋት ፋንታ ኬቪኤ በሚባለው መለኪያ ከጻፉላችሁም ብዙ ጊዜ በ0.8 አባዙት፤ 5 ኬቪኤ ማለት 4 ኪሎ ዋት ነው። ፍሪጅ ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ እንደሚስብም አስቡ። ቮልቱ ሲወርድ የፍሪጁ ሞተር ይግላል፤ የእኛ ኮምፕረሰር በዚያው ወር ተቃጠለ። ጋሼ ጄኔሬተሩን ሲፈቱት «መቶ ፐርሰንት መዳብ» የተባለው የሽቦ ጥቅል አሉሚኒየም ሆኖ ተገኘ።

ሻጩ ጋ ሄድኩ። «ከእኔ ስለመግዛትሽ ማስረጃሽ ምንድን ነው?» አለኝ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። እኔ ቀኑም አልፎብኛል፣ ደረሰኝም የለኝም። ያ የቀነሰልኝ ቫት ነው እጄን ያሰረኝ። እባካችሁ የማሽን ደረሰኝ ሳትቀበሉ ብር አትክፈሉ፤ ደረሰኙ ላይ ሞዴሉና ኪሎ ዋቱ ይጻፍ። ስትገዙም የራሳችሁን የማኪያቶ ማሽን ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው በጄኔሬተሩ አስነሥታችሁ ቮልቱን አስለኩ። እምቢ ካሏችሁ ጥላችሁ ውጡ።

ገጠማውን በተመለከተ የማውቀው ይህ ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ክፍት ፍሬም ያለው ጄኔሬተር ሳጥን ውስጥ ከታፈነ ራሱም ይቃጠላል፣ ሰውንም ይመርዛል። ለመኪና ተብለው የሚሠሩት ቀዝቃዛ አየር የሚያስገቡበትና ሙቁን የሚያስወጡበት መንገድ አላቸው፤ ጭሳቸውም በቧንቧ ከመኪናው ጠርዝ አልፎ ነው የሚወጣው። ተራውን ከገዛችሁ አውርዱትና ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር አርቃችሁ አስነሡት፤ ከጋዝ ሲሊንደሩም ይራቅ። ሰው ተኝቶ እያለ አጥፉት። ወተቱ ይበላሽ።

እኛ አሁን ጄኔሬተሩን አስወጥተን ወለሉን በላሜራ አስደፍነናል፤ መኝታው ላይም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ሰቅለናል። እህቴ እስካሁን እዚያ መተኛት አትችልም። ባለፈው ቅዳሜ በዚያ ሱቅ ደጃፍ ሳልፍ ያው ዓይነት ሦስት ተደርድረው አየሁ። ጎንበስ ብዬ የሞተሩን ብረት አነበብኩ፤ 212 ነው። ተለጣፊው አሁን 6.5 ኪሎ ዋት ይላል።