ፂማሙ እንሽላሊት በዱርና በቤት

በአውስትራሊያ ደረቅ መሬት የሚኖረው ፂማም እንሽላሊት ማለዳ አጥር ወይም ግንድ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሰውነቱ ሲግል ወደ ጥላ ይወርዳል። ሙቀቱን የሚመጥነው ራሱ ነው። በቤት የሚያድገው ግን ይህ ምርጫ የሚኖረው ባለቤቱ የመስታወት ሣጥኑን አንድ ጫፍ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ አሙቆ ሌላውን ቀዝቀዝ ካደረገለት ብቻ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበው የብርሃን ጉዳይ ነው፦ አልትራቫዮሌት ቢ የተባለውን የፀሐይ ጨረር የሚሰጥ መብራት ካልተገጠመለት ቆዳው ካልሲየም ወደ ሰውነት እንዲገባ የሚረዳውን ቫይታሚን ዲ 3 ስለማያመርት፣ ካልሲየም ቢመገብም እንኳ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ መንጋጋውም ሊያብጥ ይችላል፤ የመስኮት መስታወት ጨረሩን ስለሚያስቀረው በዚያ በኩል የሚገባ ፀሐይ መብራቱን አይተካም።

የዱሩ ነፍሳትን አሳድዶ፣ ቅጠልና አበባ ለቅሞ ይበላል፤ የቤቱ አይራብም፣ ነገር ግን በቀላሉ ይወፍራል። በዕድሜ ቤት ይሻላል፤ ጭልፊትና እባብ ስለሌለበት 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊኖር ይችላል። ጉሮሮውን ነፍቶ ፂሙን፣ ማለትም ከአገጩ ሥር ያለውን እሾሃማ ቆዳ፣ ማጥቆሩን ግን ቤትም ገብቶ አይተወውም፤ በመስታወቱ ላይ የራሱን ምስል አይቶ ሲያደርገው፣ ፉከራ ቢመስልም፣ ብዙውን ጊዜ ጭንቀት ነው።

አውስትራሊያ የዱር እንስሳቷን ለንግድ ወደ ውጭ መላክ ስለከለከለች፣ በሌላ አገር በሕጋዊ መንገድ የሚሸጠው በሰው እጅ የተፈለፈለው ነው።