ዘይቱን ያልቀመሰው ኮምፒውተር፦ 11 ወር ከዘይት ዕድሜ ቆጣሪ ጋር

መኪናዋን መጀመሪያ ያየኋት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። 2012 ሞዴል ሼቭሮሌ ክሩዝ፣ 1.8 ቤንዚን፣ አውቶማቲክ። ደላላው ቁልፉን አዞረና ዳሽቦርዱ ላይ የበራውን ጽሑፍ በጣቱ መታ መታ አደረገ። «አየህ አይደል? የዘይት ዕድሜ 97 ፐርሰንት። ትናንት ነው የተቀየረው!»

ኮፈኑን ከፍቼ የዘይት መለኪያውን መዘዝኩ። ዘይት የነካው ጫፉን ብቻ ነው። እሱም ጠቁሮ፣ እንደ ውሃ ቀጥኖ፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ደላላው ምንም አልደነገጠም። «አቦ! ኮምፒውተር ይዋሻል እንዴ?» አለኝ።

እውነት ለመናገር ኮምፒውተሩ አልዋሸም፤ የተነገረውን ነው የደገመው። የፍሬቻው እጀታ ጫፍ ላይ አንዲት አዝራር አለች። የዘይት ዕድሜ የሚለውን ገጽ ከፍቶ እሷን ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ የያዘ ሰው ቁጥሩን ወደ 100 ይመልሰዋል። ዘይት መንካት አያስፈልገውም። በዚህች ነገር ዋጋ አስቀንሼ ገዛኋት። ዘይቱን ያስቀየርኩት በማግስቱ ነው፤ አራት ሊትር ተኩል ሲንቴቲክ 5ደብልዩ30፣ ከነፊልትሮው። አዝራሯን ራሴ ተጫንኩ። ጥቅምት ነበር። ከዚያ ወዲህ ያሳለፍነውን ነው የምጽፈው።

እኛ ጋ ዘይት የሚቀየረው በስቲከር ነው። ጋራዡ መኪናህ በር ላይ ይለጥፍልሃል፤ 5,000 ኪሎሜትር ሲሞላ ትመለሳለህ፣ አለቀ። ብዙ ቶዮታዎች ላይ የምትበራው የጥገና መብራትም ከስቲከሩ ብዙም አትሻልም፤ ኪሎሜትር ብቻ ነው የምትቆጥረው። የኔዋ ግን ሌላ ዓይነት ሒሳብ ነው የምትሠራው። የሼቭሮሌ ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ ይህን ቆጣሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስገባው በፈረንጆቹ 1988 በወጡ የኦልድስሞቢል መኪኖች ላይ ነው።

ብዙ ሰው ዘይቱ ውስጥ ጥራቱን የሚለካ መሣሪያ ያለ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። የለም። ዘይቱን በቀጥታ የሚፈትሹ መኪኖች አሉ፤ መርሴዲስ በ1990ዎቹ መጨረሻ የዘይቱን ኤሌክትሪካዊ ባሕርይ የሚያነብ ሴንሰር አስገብቶ ነበር። የኔዋ ግን የምትቆጥረው የሞተሩን ዙር ነው።

እንደ ሞባይል ካርድ አስበው። 100 ሲል ሒሳብህ ሙሉ ነው። ሞተሩ በዞረ ቁጥር ይቆረጣል። ታሪፉ ግን አንድ አይደለም። ዘይቱ በደንብ ሞቆ፣ ረጋ ብለህ ረጅም መንገድ ስትነዳ ርካሽ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ስታጠፋው ይወደዳል። ምክንያቱም ከቃጠሎው የሚመጣው ውሃና ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ዘይቱ ካልጋለ ደግሞ ተኖ አይወጣም፣ እዚያው ይከማቻል። ዘይቱ ከመጠን በላይ ሲግልም እንዲሁ ይወደዳል። ያኔ የሚያበላሸው ኦክሲጅን ነው። በግርድፉ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ብልሽቱ እጥፍ ይፈጥናል።

አሁን ይህን ይዘህ ወደ ድሬ ና።

ከጥቅምት እስከ መጋቢት ሥራዬ ሐረር ነበር። በሳምንት ሦስት አራት ቀን የደንገጎን ዳገት እወጣለሁ። ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስተህ ጠመዝማዛውን ስትጨርስ 2,000 አካባቢ ነህ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ማርሹ ወደ ታች ይወርዳል። እኔም ፐርሰንቱ ይረግፋል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አልረገፈም። ከ100 ወደ 9 እስኪወርድ 9,200 ኪሎሜትር ነዳሁ። ዳገቱ ቢከብድም ከሐሮማያ እስከ ሐረር ያለው መንገድ ቀላል ነው፤ ሞተሩ ሞቆ፣ ሳያጓራ ይሄዳል። ስመለስ ደግሞ ቁልቁለት ነው።

መጋቢት ላይ ዘይቱን አስቀየርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ድሬ ውስጥ ነኝ። ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ቤት። እስካሁን 3,900 ኪሎሜትር ብቻ ነው የሄድኩት፤ ፐርሰንቱ ግን 38 ላይ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ አንድ ፐርሰንት 101 ኪሎሜትር ያህል ታስኬደኝ ነበር። አሁን 63 እንኳ አትሞላም።

ምክንያቱን ያገኘሁት ትምህርት ቤት በር ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ የድሬን ፀሐይ ታውቃለህ። ኤሲውን ከፍቼ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ልጆቹን እጠብቃለሁ። ኪሎሜትር ቆጣሪው አይንቀሳቀስም። ሞተሩ ግን በደቂቃ 800 ጊዜ ይዞራል። በሰዓት 48,000 ዙር ማለት ነው። በ80 ስነዳ ሞተሩ 2,400 አካባቢ ይዞራል፤ ይህም በኪሎሜትር 1,800 ነው። ስለዚህ አንድ ሰዓት ቆሜ ስጠብቅ በዙር ሒሳብ 27 ኪሎሜትር ያህል እንደነዳሁ ነው የሚቆጠረው። ስቲከሩ ይህን መቼም አያውቅም። በዚህ በኩል ቆጣሪው ከጋራዡም ከኔም ይሻላል፣ ወላሂ።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ።

ታኅሣሥ ላይ፣ ደንገጎ ጠመዝማዛው ላይ፣ ቀዩ የዘይት ግፊት መብራት ብልጭ አለና ጠፋ። በሚቀጥለው ኩርባ ደገመው። ጥግ ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። መጀመሪያ ያየሁት ፐርሰንቱን ነው፦ 61። መለኪያውን ስመዘው ደረቅ ነው ማለት ይቻላል። ጎንበስ ብዬ ከሥር ሳይ የማፍሰሻው ቡሎን ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች። ወደቀች። ቆይታ ሌላዋ መጣች። ጥቅምት ላይ ዘይቱን የቀየሩልኝ ልጆች አሮጌዋን ሮንዴላ፣ ቡሎኑ ሥር የምትገባዋን ማሸጊያ ቀለበት፣ መልሰው አስረውልኛል። ሁለት ወር ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ከርሟል፤ ኩርባው ላይ የቀረችው ዘይት ወደ አንድ ጎን ስትሸሽ ፓምፑ አየር ሳበ።

አንድ የሚኒባስ ሹፌር ቆመልኝ። ጠየቀኝና ከመቀመጫው ሥር ጋሎን አወጣ። 20ደብልዩ50፣ ተራ ዘይት። «ያዝ አቦ፣ ከምንም ይሻላል!» እውነቱን ነው። ሊትር ተኩል ጨመርኩ፣ ብሩን በግድ ነው የተቀበለኝ። ሞተሩን አስነስቼ ዳሽቦርዱን አየሁት። 61። ዘይቱ ሊያልቅ ሲል 61፣ ሌላ ዓይነት ዘይት ሲቀላቀልበትም 61።

ከዚያ ወዲህ የማምነው መካኒክ አንድ ሽማግሌ ነው። ታሪኩን ስነግረው በጣቶቹ መሀል ዘይቷን እያሸ ሳቀ። «ይሄ ኮምፒውተር ዘይት አይቀምስማ!» አለኝ። እኔ ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ከሱ የተሻለ አገላለጽ አላገኘሁም። አንድ ነገር ላይ ብቻ አንስማማም፤ እሱ ዘይት ከጠቆረ ሞቷል ይላል። ጥሩ ዘይት እኮ ሞተሩን ስለሚያጥብ ነው የሚጠቁረው። ቀለሙ ብቻውን ምንም አይነግርህም።

ቆጣሪው የጨመርከውን ዘይት ዓይነትም አያውቅም። ሒሳቡ የተሠራው አምራቹ ባዘዘው ደረጃ ነው፤ ለዚች መኪና ዴክሶስ 1 የሚባለው ነው። ርካሹን ጨምረህ አዝራሯን ብትጫን እኩል 100 ይልሃል። ሱቆቹ «ለድሬ ሙቀት ወፍራሙን ውሰድ» ይሉሃል። እኔ አልወሰድኩም። በዘይቱ ስም ላይ ያለው ሁለተኛው ቁጥር፣ 5ደብልዩ30 ላይ 30ው፣ ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሙቀት ያለውን ውፍረት ነው የሚያመለክተው። ሞተሩን ደግሞ ቴርሞስታቱ የራሱ ሙቀት ላይ ነው የሚይዘው፤ ውጪው 36 ሆነ 20፣ ሰዎች የሚያስቡትን ያህል ልዩነት የለውም።

አቧራም አያውቅም። የጄኔራል ሞተርስ የቀድሞ መመሪያ መጽሐፎች ይህን በግልጽ ይጽፉ ነበር፤ አቧራማ አገር የምትነዳ ከሆነ 5,000 ኪሎሜትር ላይ ቀይር ይላሉ። የጋራዡ ስቲከር ለካ እንዲህ ላለ አገር ነው የሚሆነው! ወደ መልካ ጀብዱ በኩል ወጣ ብዬ የተመለስኩ ሰሞን የአየር ፊልትሮውን አውጥቼ አራግፋለሁ፤ ከውስጡ የሚወርደውን አይቼ ቆጣሪውን ትንሽ እጠረጥረዋለሁ።

ሌላ የመመሪያው ነገር፦ ዘይት ቀይር የሚለው መልእክት ሲመጣ በ1,000 ኪሎሜትር ውስጥ ቀይር፣ መልእክቱ ባይመጣም በዓመት አንዴ ቀይር። መኪናቸውን ለእሑድ ብቻ የሚያወጡ ሰዎች ይህችን ይረሷታል።

ታዲያ ይጠቅማል? ለኔ አዎ። በመጀመሪያው ዙር ስቲከሩን ብሰማ ኖሮ ደህና ዘይት በግማሽ ዕድሜው ደፍቼ ነበር፤ የሲንቴቲክ ዋጋ ደግሞ እንደምታውቀው ነው። ግን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሜዳ ላይ አቁሜ መለኪያውን እመዛለሁ። ደቂቃ አይፈጅም። ያገለገለ መኪና ልትገዛ ከሆነ ደግሞ ፐርሰንቱን አትየው፣ በቀጥታ ኮፈኑን አስከፍት።

በዚህ አካሄዴ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ 15 ይደርሳል፤ ያኔ እቀይራለሁ። ዘይቱንና ፊልትሮውን ካሁኑ ገዝቻለሁ፣ ሮንዴላዋንም ጭምር። ባለቤቴ «ዘይት ገዛሁ» ስላት የምግብ መስሏት ጋሎኑን ከእጄ ልትቀበል ተነስታ ነበር። ሦስት ቀን አኩርፋኛለች።